ሾላው ቆሟል፤ ተተኪስ አለው?



በታችኛው ኦሞ ወንዝ ዳር የቆመ አንድ ያረጀ ሾላ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ግንዱ ግዙፍ፣ ቅጠሉ ለምለም ነው። ደኅና ነው ማለት ግን ይቻላልን?

የሾላ ፍሬ በውስጡ ደቃቅ አበቦችን የሸሸገ ነው። አበቦቹን የምታራክበው ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ የምትረዝም ተርብ ናት፤ ፍሬውን የሚበሉት ጦጣዎች፣ ወፎችና የሌሊት ወፎች ደግሞ ዘሩን ይበትኑታል። ዘሩ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ለቡቃያው በቂ ስንቅ አይቋጥርም፤ ስለዚህ እርጥብና ገላጣ አፈር ይሻል። በወንዝ ዳር ይህን አፈር የሚያዘጋጀው ሙላት ነው፤ ደለል ያነጥፋል፣ የከርሰ ምድሩንም ውኃ ይተካል።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ 243 ሜትር ከፍታና 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። አገር ኃይል አገኘች፤ የክረምቱ ሙላት ግን እንደ ቀድሞው ዳርቻውን አያለብስም። ሙላቱ ሲሸሽ በደለሉ ላይ ማሽላ ሲዘሩ የኖሩት ሙርሲዎችና ዳሰነቾች ጉዳቱን በአንድ የምርት ወቅት ይረዱታል። ሾላው ግን ሥሩ ጥልቅ፣ ዕድሜው ረጅም ነውና ለዓመታት ለምልሞ ሊቆይ ይችላል። ልምላሜው ያለፈው ዘመን ውኃ ምስክር እንጂ የመጪው ዘመን ዋስትና አይደለም።

ስለዚህ ለመስክ ጥናት ስትወጡ ትልቁን ግንድ ለክታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ ያሉትን ችግኞች ቁጠሩ። ከግድቡ በወቅቱና በመጠኑ ሙላት መልቀቅ የሚጠቅመው ዘር የሚሰጥ ዛፍ ሳለ ነው። ሾላው እስኪደርቅ ከጠበቅን ማስረጃው ይሟላል፤ ጊዜው ግን ያልፋል።