ነፍሰ ጡር እናትና የወባ ኪኒን

አንባቢ ሆይ፤ ፊደል የቆጠረ ሰው በቤተ ዘመዱ መካከል ሳይሾም ሐኪም ይሆናል። ከገጠር የመጣች እኅት የኪኒን ወረቀት ይዛ «ይህ ለነፍሰ ጡር ይሆናል ወይ?» ብትል መልስ የሚጠበቀው ከእርስዎ ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በወባ ወራት ስለ ሆነ መልሱን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ወባ ለምዕራብ ጎጃም እንግዳ አይደለም። ዝናሙ አባርቶ ውኃ በየጉድጓዱ ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ፣ የቆላው ብቻ ሳይሆን የወይና ደጋውም ሰው ይታመማል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የወረደ ጎልማሳም በሽታውን በደሙ ይዞ ሊመለስ ይችላል። በ1950 ዓ.ም. ማብቂያና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ የተነሣው ታላቅ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደ ገደለ ይገመታል። ክፉኛ የተጠቃው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለው አገር ነበር፤ በዚያ የሚኖረው ሰው ወባን ስላልለመደ ደሙ የመከላከል ኃይል አልነበረውም።

በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት በእንግዴ ልጁ ውስጥ ተከማችቶ ለጽንሱ የሚደርሰውን ምግብና አየር ይቀንሳል። እናቲቱ ደም ያንሳታል፤ ልጁ ያለ ክብደቱ ይወለዳል፤ ወይም ጽንሱ ይወርዳል። ስለዚህ «እርጉዝ ነሽና መድኃኒት አትንኪ» የሚለው ምክር ርኅራኄ ቢመስልም ከኪኒኑ ይልቅ የሚያስፈራው እርሱ ነው።

ለፋልሲፓረም የሚሰጠው መድኃኒት ሕዝቡ ኮአርተም የሚለው ነው። ቀድሞ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት እርግዝና ኪኒን ለ7 ቀን ይታዘዝ ነበር። ነገር ግን እርጉዝ መሆናቸውን ሳያውቁ ኮአርተም የወሰዱ የብዙ ሴቶች ሁኔታ ተመርምሮ ጉዳት ስላልታየ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2015 ዓ.ም. በእነዚያም ወራት እንዲሰጥ መክሯል። የሚወሰደው ጧትና ማታ ለ3 ቀን ነው፤ ትኩሳቱ ቢበርድም ማቋረጥ አይገባም። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በሚገባ ይሠራል። በጾም ወራት ዘይት የገባበት ወጥ ይበቃል።

ሁለተኛው ዓይነት ቫይቫክስ በጉበት ተደብቆ ከርሞ ይነሣል። ለነፍሰ ጡር ክሎሮኪን ይሰጣታል። የተደበቀውን የሚነቅለው ፕሪማኪን ግን ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው፤ አንዳንድ ሰው ከተፈጥሮው ይህ መድኃኒት ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርስበታል፣ የጽንሱም ደም እንዴት እንደ ሆነ አይታወቅምና። ልጅዋ 6 ወር ያልሞላው አራስም አትወስደውም። ዶክሲሳይክሊንም የልጁን ጥርስና አጥንት ስለሚያሠጋ ለነፍሰ ጡር አይሆንም።

ከዚህ በቀር ኮአርተምና ክሎሮኪን በጡት ወተት የሚያልፉት በጥቂቱ ስለ ሆነ፣ የምታጠባ እናት ስትታከም ጡት ማስጣል አያስፈልጋትም። ወደ ልጁ የሚያልፈው ጥቂት መድኃኒት ግን ልጁን ከወባ አያድነውም፤ ካተኮሰው ለብቻው ይመርመር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ጎረቤት ከአምና ያስተረፈውን ኪኒን ለነፍሰ ጡር አያቀብሉ፤ የየትኛው ወባ መድኃኒት እንደ ሆነ በዓይን አይለይም። በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ይላኳት፤ ደምዋ ይመርመር። ከሁሉ በላይ፣ ሆድዋ ገና ካልገፋ እርጉዝ መሆኗን አፍራ እንዳትደብቅ ይምከሯት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እርግዝናዋን የደበቀች ሴት ግን መድኃኒት አታጣም፤ የሚሰጣት የማይገባት መድኃኒት ሊሆን ይችላል።