ተጨማሪ መረጃ፦ የደፈረሰ የመኪና መብራት

አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በጊንጪና በአምቦ አድርገው ጉደር የሚዘልቁ ሚኒባሶች መብራት ፀሐይ ይበረታበታል። የዛሬ መኪኖች የመብራት ሽፋን ፖሊካርቦኔት የተባለ ፕላስቲክ ነው፤ መከላከያ ቅቡ ሲያልቅ ይደፈርሳል፣ ቢጫ ይሆናል። የድሮው መስታወት ይህ ችግር የለበትም።

የጥርስ ሳሙና ለጊዜው ቢያጠራውም አያዛልቅም። የሚሻለው በዙሪያው ያለውን ቀለም በፕላስተር ሸፍኖ፣ ውሃ እያርከፈከፉ መጀመሪያ በ1000፣ ቀጥሎ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ ቢጫ ነው፤ እየቆየ ይነጣል። ከዚያ በፖሊሽ ይወለወላል። በመጨረሻ ጨረር የሚከላከል ቫርኒሽ ካልተቀባ ግን በወራት ውስጥ ተመልሶ ይደፈርሳል።