ካዱ ስንዴውን አበዛው፣ ጭሰኛውስ?

የአርሲ ስንዴ ወሬ ሲነሣ ካዱን ሳይጠቅሱ ማለፍ ያስቸግራል። ይህ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ተቋቋመ። ጽሕፈት ቤቱ አሰላ፣ የምርምር ማሳው ቁሉምሳ ነበር። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና ምክር አንድ ላይ ለአነስተኛው ገበሬ ማድረስ ነበር ውጥኑ።

ዘሩ ያዘለት፤ ስንዴውም በዛ። ጣጣው የመጣው አውድማ ላይ ነው። ጭሰኛው ምርቱን ከባለርስቱ ጋር እኩል ወይም ሲሶ እየሰጠ ስለሚካፈል፣ ማዳበሪያው የጨመረው ኩንታል ለባለርስቱም ይደርሰዋል። እሱ ግን በእኩሌታው አልረካም። ትራክተርና ኮምባይነር ያለ ቀረጥ ይገባል፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ያለው ሜዳ ለማረሻ የተመቸ ነው፤ ታዲያ ከማን ጋር ይካፈላል? በ1960ዎቹ አጋማሽ ላይ ከመሬት የተነቀለው ጭሰኛ በሺህ ይቆጠር ነበር።

ካዱ ነገሩን አልሸሸገም። የራሱ አጥኚዎች መፈናቀሉን መዝግበዋል፤ ለትልልቅ ባለርስቶች ብድር መስጠትም አቁሟል። ግን ባለ ብዙ ጋሻው ሰው የካዱ ብድር ምን ያደርግለታል? ስዊድኖች የጭሰኛና የባለርስት ውል ሕግ እንዲወጣ ወተወቱ። ረቂቁ ፓርላማ ገብቶ እዚያው ቀረ፤ ወንበሩን ከያዙት ብዙዎቹ ራሳቸው ባለመሬት ነበሩ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ አደረገው፤ ጭሰኝነት ቀረ፣ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ አንድ ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ካዱም አርዱ ተብሎ መላውን አርሲ ያዘ።

እኔን የሚከነክነኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መሬት ሊያከፋፍል የተደራጀው ገበሬ ማኅበር ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የእህል ኮታ ሰብሳቢ ሆነ። ከባለርስት እኩሌታ የተላቀቀው ገበሬ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ኩንታሉን ያስረክብ ጀመር። ኮታው የቀረው ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ ነው።

ቁሉምሳ ዛሬም የስንዴ ዝርያ ያወጣል። መሬቱ አይሸጥም አይለወጥም፣ ግን ይከራያል። በአጨዳ ወቅት ኮምባይነር ማሳ ዳር ይቆማል፤ ስንዴው በማዳበሪያ ጆንያ ይሞላል፣ ጆንያው ይቆጠራል፤ የማሽኑ ኪራይም በኩንታል ይታሰባል።