ተጨማሪ መረጃ፦ ዲስክ በፎርሃንድ ሲወረወር

የዲስክ ጎልፍ የመጀመሪያ ቋሚ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1975 በካሊፎርኒያ፣ ኦክ ግሮቭ በተባለ መናፈሻ ተከፈተ። ተጫዋቹ ዲስኩን በተቻለ መጠን በጥቂት ውርወራ ሰንሰለት ወደተንጠለጠለበት ቅርጫት ማስገባት አለበት።

ዲስኩ ከሚወረወርባቸው መንገዶች አንዱ በሆነው በፎርሃንድ ውርወራ አመልካችና መሃል ጣት የዲስኩን ጠርዝ ከውስጥ ይጫናሉ፤ አውራ ጣት ከላይ ይይዛል። ጀማሪ ኃይሉን ከክንዱ ይጠብቃል፤ ምንጩ ግን እግር ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተጫዋች ግራ እግሩን ተክሎ ዳሌውን ያዞራል፤ ትከሻው ይከተላል፤ ክርኑ ከጎኑ ብዙም ሳይርቅ እጁን ቀድሞ ይሄዳል። የእጅ አንጓው በመጨረሻ፣ እንደ ጅራፍ ጫፍ፣ ይወነጨፋል።

ውርወራውን በብዛት የሚያበላሸው ዲስኩን ሲለቁ መዳፍን ወደ መሬት መገልበጥ ነው። ያኔ ዲስኩ እየተንቀጠቀጠ ወደ ግራ ይዞራል። መዳፉ ወደ ሰማይ እንዳየ ከተለቀቀ ግን ቀጥ ብሎ በርሮ ፍጥነቱ ሲቀንስ ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ ወደ ቀኝ በሚታጠፍ መንገድ ላይ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

መንደርደር ያጓጓል፤ ቢሆንም ቆሞ በግማሽ ኃይል መለማመድ ይቀድማል። ሳያሟሙቁ በክንድ ብቻ ደጋግሞ መወርወር የክርንን የውስጥ ጅማት ይጎዳል።