ቁስሉ ከመዘጋቱ በፊት፦ የአዮዲን እጥበት በአከርካሪ ቀዶ ሕክምና

የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ለሚያስፈልገው፣ በጉባ ወረዳ ማንኩሽ ለሚኖር ሰው መንገዱ ረጅም ነው። ከጉባ ወደ ፓዌ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሪፈር ይጻፍለታል። ለዚህ የሚዳርገው የመኪና አደጋ፣ ከከፍታ መውደቅ ወይም አከርካሪን የሚበላው ቲቢ ሊሆን ይችላል። የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ.፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ ቤርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ነው፤ ሙያው ገና ወጣት ስለሆነ ሐኪሞቹ በትልልቅ ከተሞች ተሰብስበዋል። ችግሩ ግን በመሄዱ ብቻ አያበቃም። የቀዶ ሕክምና ቁስል የሚያመረቅዘው ብዙ ጊዜ በሽተኛው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። ባለሙያዎችም ቁስሉን 30 ቀን፣ ብረት ከተተከለ ደግሞ እስከ 90 ቀን ድረስ እንዲከታተሉት የሚመከረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ቁስሉ ከመሰፋቱ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች የሚደረግ ጥንቃቄ፣ ከሆስፒታሉ አጠገብ ከሚኖረው ይልቅ ሩቅ ለሚገባው ሰው የበለጠ ዋጋ አለው። ከእነዚህ ጥንቃቄዎች አንዱና ርካሹ ቁስሉን በተበረዘ ፖቪዶን አዮዲን ማጠብ ነው፤ በየሆስፒታላችን የተለመደ አሠራር ሊሆን ይገባዋል እላለሁ።

አከርካሪ ለምን ይህን ያህል ያሰጋል? ጡንቻው ከአጥንቱ ተላቆ ለሰዓታት ተወጥሮ ይቆያል፣ ደሙ ይቀንስበታል፤ ከዚያም ዊንጮችና ዘንጎች ይገቡበታል። ባዕድ ነገር በሰውነት ውስጥ ምን ያህል እንደሚጎዳ ኤሌክና ኮነን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1957 አሳይተዋል። በጤነኛ ቆዳ ሥር መግል ለማስያዝ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ስታፍሎኮከስ ያስፈልግ ነበር፤ አንድ የስፌት ክር ሲጨመርበት ግን ጥቂት መቶ ያህሉ በቂ ሆነ። ጀርሙ ብረት ላይ ከተጣበቀ በኋላ ባዮፊልም የሚባል ሽፋን ይለብሳል፣ በደም የሚሰጠው አንቲባዮቲክም በቀላሉ አይደርስበትም። የሚሻለው ከመጣበቁ በፊት ማግኘት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። 10 በመቶ ከሆነው ፖቪዶን አዮዲን 35 ሚሊ ሊትር ተለክቶ በኖርማል ሳላይን 1 ሊትር እስኪሞላ ይበረዛል፤ ይህ 0.35 በመቶ ይሆናል፣ መልኩም እንደ ቀጭን ሻይ ነው። ደሙ ተጠርጎ ቁስሉ ይሞላበታል፣ 3 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያም በ2 ሊትር ሳላይን ይታጠባል። መበረዙ የሚያደክመው የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። አዮዲኑ ፖቪዶን ከተባለው ተሸካሚው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሲበረዝ በቀላሉ ይለቀቃል፣ ጀርም የሚገድለውም ይህ የተለቀቀው ነው። ደም ግን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ደሙን አስቀድሞ መጥረግ አይዘለልም። በ2005 ታይዋን ውስጥ በ414 የአከርካሪ ታካሚዎች ላይ በወጣ ጥናት፣ በአዮዲን ከታጠቡት 208 ሰዎች አንድም አላመረቀዘም፤ በሳላይን ብቻ ከታጠቡት 206 ሰዎች ግን 7ቱ አመርቅዘዋል።

ተቃውሞው ቀላል አይደለም። በላቦራቶሪ አዮዲን ጀርምን ብቻ ሳይሆን አጥንትና ቆዳ የሚሠሩትን ሴሎችም ይገድላል። በ2006 በ244 ታካሚዎች ላይ የወጣው ሌላ የታይዋን ጥናት ግን ቁስሉ ሲድን፣ አጥንቱም ሲገጥም ልዩነት አላየም፤ የሦስት ደቂቃ እጥበትና ተከትሎት የሚመጣው ሳላይን ሴልን በሳህን ውስጥ እንደ መዘፍዘፍ አይደለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ማስረጃው አነስተኛ ነው የሚል ነው፤ ይህ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 መመሪያው እጥበቱን የመከረው በቅድመ ሁኔታ ነው፤ አንቲባዮቲክ ባለበት ውኃ ማጠብን ግን አልደገፈም። ውኃ ላይ የሚጨመር ሁሉ ይጠቅማል ማለትም አይደለም፦ በ2015 ከ2,400 በላይ የተከፈተ ስብራት ባላቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ቁስላቸው በሳሙና የታጠበው በሳላይን ከታጠበላቸው ይልቅ በብዛት ዳግም ለቀዶ ሕክምና መግባታቸውን አሳይቷል። እኔ የምመዝነው እንዲህ ነው፦ መድኃኒቱ በየፋርማሲው ይገኛል፣ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው፣ ጉዳት ስለማድረሱ በታካሚ ላይ የታየው ትንሽ ነው፤ ያመረቀዘ ብረት ግን ዳግም መክፈት፣ ሳምንታት መተኛትና ቤተሰብን የሚያራቁት ወጪ ነው። የሕብለ ሰረሰሩ ሽፋን ከተቀደደ ግን አዮዲኑን መተው ይሻላል፤ ነርቭ እንዲህ ያለ ነገር አይወድም።

ሌላው ጉዳይ ጠርሙሱ ነው። ፀረ ጀርም ራሱ ጀርም አይዝም ማለት ስህተት ነው፤ በአሜሪካ በ1980ዎቹ የተበከለ ፖቪዶን አዮዲን ሕሙማንን እንደበከለ ተመዝግቧል። በዋርድ ውስጥ ተከፍቶ ለድሬሲንግ ሲቀዳ የሰነበተ ጠርሙስ ለጥልቅ ቁስል አይሆንም። እጥበቱም ቆዳ ከመቀደዱ በፊት የሚሰጠውን አንቲባዮቲክ፣ የእጅ መታጠብንና በደንብ ከጀርም የጸዳ መሣሪያን አይተካም። በአገራችን አምስት ሆስፒታሎች የተሞከረው «ክሊን ከት» የተባለ መርሐ ግብር እነዚህን መሠረታዊ ነገሮች በማጠናከር ብቻ የቁስል ማመርቀዝን በሲሶ ያህል ቀንሷል። አዮዲኑ በዚያ ላይ የሚጨመር ነው። በሽተኛው ሲወጣም የሚይዘው ወረቀት ላይ ብረት መተከሉ፣ ቀኑና የሆስፒታሉ ስልክ ሊጻፍ ይገባል፤ ማንኩሽ ላይ በሃያኛው ቀን ቁስሉ ሲያፈስ ያየው ጤና ባለሙያ ክኒን ሰጥቶ ከማሰንበት ይልቅ ወዲያው ደውሎ እንዲልከው።