ፍላሹን ከካሜራው አናት አውርዱት

ፍላሽ ፊት ያበላሻል የሚለው ወቀሳ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ግንባሩ የሚያብረቀርቅ፣ ዐይኑ የቀላ፣ ከጀርባው ጥቁር ጥላ የተለጠፈበት ሰው በየቤቱ የሰርግ አልበም ውስጥ ሞልቷል። ጥፋቱ ግን የፍላሹ ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታ ነው። ከሌንሱ በላይ ተሰክቶ ፊት ለፊት የሚተኮስ ብርሃን የአፍንጫንም የጉንጭንም ጥላ ይደመስሳል፤ ፊት ቅርጽ የሚያገኘው ደግሞ ከጥላ ነው። ዐይን የሚቀላውም ብርሃኑ ከሌንሱ አጠገብ ስለሚወጣ ነው፤ በብሌኑ ገብቶ ደም የበዛበትን የዐይን ውስጠኛ ክፍል ይመታና በገባበት መንገድ ወደ ሌንሱ ይመለሳል።

ስለዚህ ፍላሹ ይውረድ። አንዱ ካሜራው ላይ፣ ሌላው ፍላሹ ሥር የሚገጠም ጥንድ ትሪገር ካለ ገመድ አያስፈልግም። ፍላሹን ከተነሺው ዐይን ከፍ አድርጎ፣ ወደ ጎን 45 ዲግሪ ያህል አስጠግቶ ስታንድ ላይ ማቆም ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በኋላ የአፍንጫን ጥላ መከተል ነው። ጥላው ወርዶ ከጉንጭ ጥላ ጋር ሲገናኝ፣ ከጨለመው ወገን ዐይን ሥር ትንሽ የብርሃን ሦስት ማዕዘን ይቀራል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዳዊ ሠዓሊ በሬምብራንት ስም የሚጠራው አበራር ይኸው ነው። ጥላው ከንፈር ላይ ከደረሰ ወይም ዐይን ውስጥ የሚታየው የብርሃን ነጥብ ከጠፋ፣ ፍላሹ ከመጠን በላይ ከፍ ብሏል ማለት ነው።

ቦታው ቢስተካከልም ሌላ ጣጣ ይቀራል። የፍላሽ መስታወት ከሰባት ሳንቲ ሜትር ብዙም አይሰፋም፤ ትንሽ ምንጭ ደግሞ ጠርዙ የተሳለ ጥላ ይጥላል። ስፋት የሚለካው ግን ከተነሺው በሚታይበት መጠን ነው። አንድ ሜትር ስፋት ያለው የፎቶ ጃንጥላ ከፊት በአንድ ሜትር ርቀት ሲቆም ጥላውን ያለዝባል፤ ሦስት ሜትር ሲርቅ ግን ያው ጃንጥላ ትንሽ ምንጭ ይሆናል። ፀሐይ ያን ያህል ግዙፍ ሆና የቀትር ጥላዋ እንደ ምላጭ የተሳለው ከርቀቷ የተነሣ ነው።

ይህ ጉዳይ ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የበለጠ ክብደት አለው። ቀላ ያለ ቆዳ ብርሃኑን በብዛት በትኖ ይመልሳል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ የሚበተነው ስለሚያንስ በላዩ ያለው ወዝ ጎልቶ ይታያል። ባዶ ፍላሽ ያንን ወዝ ነጭ ነጠብጣብ ያደርገዋል፤ ሰፊ ምንጭ ግን በጉንጩና በግንባሩ ላይ ዘርግቶ ቅርጹን ያወጣዋል። ፊቱ ጠቆር ያለ ሰው ሲመጣ ኃይል መጨመር የተለመደ መፍትሔ ነው፤ እኔ ግን አልቀበለውም፤ ነጠብጣቡንም አብሮ ያጎላዋልና። መጀመሪያ ምንጩ ይስፋ።

ለዚህ ደግሞ የግድ ውድ ሶፍትቦክስ አያስፈልግም፤ ሁለት ሜትር አቡጀዴ ወጥሮ ከኋላው ፍላሽ ማቆም ይበቃል። ፍላሹ ከጨርቁ ራቅ ማለት አለበት፤ ከተጠጋ የሚበራው መሐሉ ላይ ያለች ክብ ብቻ ትሆናለች፣ ምንጩም የዚያችን ክብ ያህል ብቻ ነው። ወደ ነጭ ኮርኒስ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሮ መተኮስም ይሠራል። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የተቀባ ግድግዳ ግን ቀለሙን ፊት ላይ ይዞ ይመጣል።

ትልቁ ፈተና ነጭ ነጠላ ነው። ልጇ ተመርቆላት የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ የቆመችን ጠይም እናት እናስብ። ካሜራው ራሱ እንዲለካ ከተተወ ነጩን አይቶ ብርሃን ይቀንስና ፊቷን ያጨልማል። የፍላሹን ኃይል በእጅ መወሰን ይሻላል፤ ይህም ብቻውን አይበቃም። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ፍላሹ ከፊቷ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ከቅርቡ ትከሻዋ 40 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ትከሻዋ ላይ ያለው ነጠላ ፊቷ ከሚያገኘው ከእጥፍ በላይ ብርሃን ያገኛል፤ ጥልፉም ጥበቡም ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። ወደ ኋላ ተስቦ ከፊቷ አንድ ሜትር ተኩል፣ ከትከሻዋ አንድ ሜትር ከ30 ሲሆን ብልጫው ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል። ነገር ግን በራቀ ቁጥር ምንጩ ይጠባል፤ ስለዚህ ሰፋ ያለ ጃንጥላ ወይም ጨርቅ ይፈለጋል። ሌላው ዘዴ ፍላሹን ሳያርቁ ማዞር ነው፦ የብርሃኑ መሐል ከአፍንጫዋ ፊት ለፊት እንዲያልፍ ማድረግ። ያኔ ፊቷ የብርሃኑን ለስላሳ ክፍል፣ ትከሻዋ ደካማውን ዳር ያገኛል። ነጠላው ውለታም ይመልሳል፤ ደረቷ ላይ ሲያርፍ ከአገጯ ሥር ያለውን ጥላ ከታች ያበራዋል።

የአካባቢው ብርሃን የሚገዛው በሻተር ነው። የፍላሹ ብልጭታ አጭር ስለሆነ ሻተሩ ከ1/60 ወደ 1/200 ሰከንድ ቢፈጥን ፊቷ ላይ ያረፈው የፍላሽ ብርሃን አይለወጥም፤ የመስኮቱና የአምፖሉ ብርሃን ግን ይቀንሳል። አፐርቸር ሁለቱንም አንድ ላይ ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። በብዙ ካሜራዎች ከፍላሽ ጋር የሻተሩ ጣሪያ 1/200 ወይም 1/250 ነው፤ ከዚያ ካለፈ ከፎቶው ዳር ጥቁር መስመር ይመጣል። አሮጌው ቢጫ አምፖል በቀለሙ ከፍላሽ ስለማይስማማ፣ ፍላሹ ላይ ብርቱካናማ ፕላስቲክ ማስገባት ሁለቱን ያቀራርባል። መብራት ቢጠፋም ግድ የለም፤ ፍላሹ አራት የባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው የሚበላው።

ብዙ ፎቶ አንሺዎች የመጀመሪያውን ፍላሽ በደንብ ሳያውቁት ሁለተኛ ይገዛሉ። ገንዘቡ በቅድሚያ ለስታንድ፣ ለትሪገርና ለአንድ ነጭ ጃንጥላ ቢወጣ ይሻላል።