ከእራፊ ጨርቅ የሚገኝ ደስታ

የንፋስ መውጫ ከተማ ጠባይዋ ከስሟ ይታወቃል። ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፥ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ ነፋሱ ሌሊቱን ሁሉ የቤቱን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ያድራል። ከዚህም የተነሣ በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ደጋ ለሚኖር ቤተ ሰብ የሌሊት ልብስ ነገር ከእህል ቀጥሎ የሚታሰብ ነው። ጥጥ ያላት እመቤት ፈትላ ጋቢ ታሠራለች፤ በግ ያለው ከጠጕሩ ዝተት ያሠራል፤ ሁለቱም የሌለው ደግሞ ያረጀውን ልብስ ሳይጥል እራፊ በእራፊ ላይ እየደረተ ድሪቶ ይሰፋል። ዛሬ ለውድ አንባብያን ልንናገር ያሰብነው ስለዚሁ ስለ ሦስተኛው ነው።

ድሪቶ የሚለው ቃል በአገራችን ጆሮ የችግር ስም ነው። ሰውን ድሪቶ ለባሽ ማለት መስደብ እንጂ ማመስገን አይደለም። ዳሩ ግን ነገሩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው፥ እራፊን ከእራፊ አስማምቶ መስፋት የዐይን፥ የእጅና የአእምሮ ሥራ፥ ይልቁንም የደስታ ሥራ ሆኖ ይገኛል። እኛ ይህን ለመረዳት ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጅቶብናል።

አባታችን ካረፉ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ዲቁና ተቀብለን ከቆየን በኋላ ለአስኳላው ትምህርት ከገጠር ወደ ንፋስ መውጫ ስንመጣ፥ እናታችን ከስንቁ ጋር አንድ ብርድ ልብስ ጠቅልለው ሰጡን። የተሰፋውም ከአቡጀዲ፥ ከካኪና ከእኅታችን አሮጌ ቀሚስ ነበር። በመካከሉ ከአባታችን ሸሚዝ የወጣ፥ እንደ ሙሉ ጨረቃ የከበበ ሰማያዊ ጨርቅ ነበረበት፤ ዙሪያውንም ግማሽ ጨረቃዎች ተሰልፈውበታል። በኪራይ ቤት አብረውን የሚያድሩት ልጆች ገና ሲያዩት፥ «ድሪቶው መጣ!» ብለው ሳቁ። እኛም ሳቁን መሸከም ስላልቻልን ብርድ ልብሱን ከአከራያችን የእህል ጆንያ ሥር ከተትነው፤ ያን የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ በአንዲት ስስ ኩታ ተጠቅልለን አሳለፍነው። አንድ ቀን እናታችን ስንቅ ይዘው ሲመጡ ብርድ ልብሱን ካለበት አዩት። ምንም አልተናገሩም። አቧራውን አራግፈው፥ አጣጥፈው፥ በመጡበት አህያ ጭነው ወሰዱት።

ይህን ያስታወሰን ባለፈው ክረምት የሆነ ነገር ነው። ትንሿ ልጃችን ከልብስ ሰፊዎች ደጃፍ የተጣለ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰብስባ መጥታ፥ «አባዬ፥ ክቡን ቁራጭ ከአራት ማዕዘኑ ጋር ልሰፋው ብል እንቢ አለኝ» አለችን። እኛም ሒሳብ አስተማሪ ነንና፥ መልሱ ቀላል መስሎን እርሳስና ገመድ ይዘን ተቀመጥን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሩብ ክብ የሆነ ጨርቅ፥ ክሩ የሚያልፍበት መሥመር ከመካከሉ 10 ሳንቲ ሜትር ይርቃል እንበል። ለስፌት አንድ ሳንቲ ሜትር ትርፍ ስለሚተውለት በ11 ሳንቲ ሜትር ይቈረጣል። ክቡን የሚቀበለው ጎድጓዳ ቁራጭ ግን ትርፉ ወደ መካከሉ ስለሚገባ በ9 ሳንቲ ሜትር ይቈረጣል። እንግዲህ የአንደኛው ጠርዝ 17 ሳንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፥ የሁለተኛው 14 ሳንቲ ሜትር ከ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጠርዙን ብቻ ያየ ሰው አይገጥሙም ብሎ ይፈርዳል። ክሩ የሚሄድበት መሥመር ግን በሁለቱም ላይ እኩል 15 ሳንቲ ሜትር ከ7 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ይገጥማሉ፤ የሚያስፈልገው አጭሩን ጠርዝ መክፈት ነው። ይህም የሚደረገው ጎድጓዳውን ጠርዝ በመቀስ ጫፍ በየሳንቲ ሜትሩ ጥቂት ጥቂት በመሸንተር ነው፤ ሽንትሩ እስከ ስፌቱ መሥመር መድረስ የለበትም። ከዚህ በኋላ ሁለቱን ቁራጮች እያጠፉ መካከላቸውን ምልክት ማድረግ፥ በመጀመሪያ መካከልን ከመካከል፥ ቀጥሎ ጫፍን ከጫፍ፥ በመጨረሻም በየመሐሉ ያለውን በስፒል ማያያዝ፥ ጎድጓዳውን ከላይ አድርጎ በዝግታ መስፋት ነው።

ይህን ሁሉ በወረቀት አስረድተን ልንሰፋ ስንጀምር ጨርቁ ተጨማደደብን። በዚህን ጊዜ ዐይናቸው የደከመው እናታችን ከምድጃው አጠገብ ሆነው ይሰሙን ኖሯል። ጨርቁን ከእጃችን ተቀብለው በጣታቸው እየዳሰሱ፥ «አትጎትቺው ልጄ፤ ካልጎተትሽው ራሱ ይዞራል» አሏት። ምክንያቱን ቈይተን አስተዋልነው። ጨርቅ በድሩና በማጉ አቅጣጫ ሲስቡት ጠንካራ ነው፤ በሰያፍ ሲስቡት ግን ይለጠጣል። ክብ ጠርዝ ደግሞ በሰያፍ ማለፉ አይቀርም። ስለዚህ የሚጎትት እጅ ቅርፁን ያበላሻል።

እናታችን ይህን ከየት ተማሩት ብንል፥ ከሰፌድና ከመሶብ ነው። በአማርኛችን ሰፌዱም መሶቡም የሚሰፉ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ሰፊዋ ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች፥ በወስፌ እየወጋች ዙሩን ከዙሩ ጋር ታያይዛለች፤ ቀለም በተነከረው አለላም ሐረጉን ታወጣለች። ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ ስፌቱን በልክ ካልጨመረች ሰፌዱ ይጎብጣል፤ ከልክ በላይ ከጨመረች ይንሻፈፋል። እንደዚሁ የከተማችን ልብስ ሰፊ እጅጌን ከብብት ጋር በገጠመ ቁጥር፥ ሳይጠራው፥ ይህንኑ የክብ ስፌት ይሠራል። ካህናት የሚደርቡት ካባ አንገትጌና በበዓል ቀን የሚዘረጋው የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላም ያለ ጎባጣ ቅድ አይሰፉም። እንግዲህ ጥበቡ እንግዳ አይደለም፤ በእራፊ ላይ ስናየው ብቻ ናቅነው።

በሌላው ዓለምም እራፊ እንዲህ እንደ ተናቀ አልቀረም። በአሜሪካ፥ በአላባማ ግዛት፥ ጊስ ቤንድ በሚባል መንደር የሚኖሩ፥ ከባርነት የወጡ ጥቁር ሕዝቦች ልጆች የሆኑ ሴቶች ያረጀ የሥራ ልብስ እየቀደዱ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። ከእነርሱ አንዲቱ፥ ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለች፥ በ1942 እ.ኤ.አ. ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሱን ቀዳ ብርድ ልብስ ሠራችበት። በ2002 እ.ኤ.አ. የዚያ መንደር ሥራዎች በሂዩስተንና በኒው ዮርክ ቤተ መዘክሮች ለሕዝብ ታዩ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአገሪቱ የፖስታ ቴምብር ላይ ወጡ። የጊስ ቤንድ ሴቶች ይበልጡን የሚሰፉት ቀጥ ያለውን ነው። በዚያው በአሜሪካ ግን ከሩብ ክብ የሚሰፋ፥ ሲጋጠም እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ «የሰካራም መንገድ» የተባለ፥ እንዲሁም እርስ በርሳቸው ከተያያዙ ክቦች የሚሠራ «ድርብ የጋብቻ ቀለበት» የተባለ የታወቀ ስልት አለ።

ስለ ሚዙሪ ፔትዌይ ያነበብን ዕለት ያ ሰማያዊ ጨረቃ ትዝ አለን። ከእናታችን ሣጥን ብርድ ልብሱን አውጥተን ዘረጋነው፤ በጨረቃው ዙሪያ ያሉትን ግማሽ ክቦች ብንቈጥር 24 ሆኑ። እኛ ከልጃችን ጋር ለአንዲት ክብ ሁለት ምሽት ፈጅቶብን ነበር። እናታችን ደግሞ ቀን እርሻውንና ከብቱን ሲመለከቱ ውለው፥ ማታ በኩራዝ ብርሃን ነበር የሰፉት። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልንም፤ ከአጠገባቸው ተቀምጠን ያን ጊዜ ብርድ ልብሱን ለምን እንደ ደበቅነው ተናገርን። እርሳቸውም ጥቂት ቈይተው፥ «ታዲያ ያን ጊዜ አልበረደህም?» ብለው ጠየቁን። እንደ በረደን ነገርናቸው። «በል እንግዲያ ልጅህን አልብሳት» አሉን።

እነሆ አሁን ልጃችን ያን ለብሳ ታድራለች፤ የራሷንም ጀምራለች። ክቡ በገጠመላት ቁጥር ሩጣ መጥታ ታሳየናለች፤ አያቷም በጣታቸው ዳስሰው ይፈርዳሉ።

ለመጀመር የሚወዱ እመቤቶችና ልጆች እነዚህን ቢያስተውሉ ይጠቀማሉ። አዲስ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባልና ከአሮጌው ጋር ከመስፋት በፊት ማጠብ ይገባል። ቁራጮቹ ሁሉ እኩል እንዲሆኑ ልኩን አስቀድሞ በካርቶን መቅረጽ ነው። ሁለት ቀለም ብቻ፥ አንድ ደማቅና አንድ ደብዛዛ፥ ለጀማሪ ይበቃል። ስፌቱ ሲያልቅ በካውያ መተኰስ ጭምድዱን ያቀናዋል። ያረጀ ጋቢ ቢገኝ ደግሞ አራት ድርብ ስለ ሆነ ለገበር የሚስማማ ነው። ልጅን ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት የሚልኩ ወላጆችም እንዲህ ያለውን ብርድ ልብስ ሲሰጡ፥ የትኛው እራፊ ከማን ልብስ እንደ ወጣ አስቀድመው ቢነግሩት መልካም ነው፤ ያን ያወቀ ልጅ ከጆንያ ሥር ለመክተት እጁ አይታዘዝለትምና።